በእርሳስ የተጻፈው

የእህቴ ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት» አለችኝ። አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች የምትልከው ማመልከቻ ነው። ትራንስክሪፕቱ ገብቷል፣ የአስተማሪዎቿ የድጋፍ ደብዳቤም ገብቷል። የቀረው ድርሰቱ ነው፤ ከ650 ቃል የማይበልጥ፣ ስለ ራሷ። ሁለት ሳምንት ተቀምጣበት የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ፦ «ታታሪ ተማሪ ነኝ።»

«ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላ ምን ይባላል? ራስን ማመስገን ነውር አይደል እንዴ?»

ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን ልጅቷ እውነቷን ነው። እኛ አገር የኮሌጅን በር ያንኳኳ ሰው «ማነህ?» ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

«ማትሪክ» የምንለው ቃል ራሱ ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና መጠሪያ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት። ወደዚያ ግቢ የሚያስገባው ደግሞ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ወረቀቱ ላይ ቁምነገሩ ውጤቱ ነው፤ የአባት ማዕረግ የሚሞላበት ቦታ የለም። የደጃዝማች ልጅም የጭሰኛ ልጅም እኩል «ኤ» ወይም እኩል «ኤፍ» ያገኛል። እርግጥ ነው፣ የጭሰኛው ልጅ መጀመሪያ እስከ አስራ ሁለተኛ መድረስ ነበረበት፤ ብዙው መንገድ ላይ ቀርቷል። ለደረሰው ግን ያ ወረቀት አማላጅ የማይፈልግ ዳኛ ነበር። አማላጅ በበዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬም ያንኑ ዳኛ ነው የምናምነው። ፈተናው እየተሰረቀ ሲያስቸግር የ2014 ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው፣ እዚያው አድረው እንዲፈተኑ ተደረገ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3 ነጥብ 3 ገደማ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ቢሆንም «ፈተናው ይቅር» ያለ ብዙ ሰው አልሰማሁም።

ይህ ዳኛ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ምን እንደምትፈልግ አይጠይቅህም። ያ የሚጻፈው የምርጫው ፎርም ላይ ነው። እኔ በ1986 ስሞላ ሕግ ብዬ በእርሳስ ጻፍሁ። ታላቅ ወንድሜ አየውና «እርሻ ይሻልሃል፣ ሥራ አይጠፋም» ብሎ በላጲስ አጠፋው፤ በእስክሪብቶም እርሻ ብሎ ጻፈበት። ክፋት አልነበረበትም፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዓለማያ ወረድሁ። በኋላ ደግሞ፣ ከ2001 ጀምሮ፣ መንግሥት ከመቶው 70ውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ለማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ደለደለ። የብዙ ልጅ እርሳስ በዚያም ጠፋ።

«እንግዲያው የአሜሪካኖቹ ይሻላል ማለት ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

የእነሱም ታሪክ ንጹሕ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1920ዎቹ እንደ ሃርቫርድ ያሉ ኮሌጆች በፈተና ብቻ ሲቀበሉ የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ጨመረባቸው። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎውል በ1922 ኮታ ይደረግ አለ፤ ተቃውሞ ገጠመው። በ1926 ሌላ ዘዴ ተገኘ፦ ከውጤት ሌላ «ጠባይ» ይታይ ተባለ። ስለ አመልካቹ ማንነት የሚጠይቀው ጥያቄ የጎለበተው እንዲህ ነው፤ ሰውን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ሰውን ለመመለስም። ዛሬ ብዙዎቹ ለተቃራኒው ዓላማ እንጠቀምበታለን ይላሉ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና «ጋሼ፣ ሕግ የፈለግኸው ለምን ነበር?» አለች።

ሃምሳ ልሞላ ነው። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አባቴ በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ማመልከቻውን የማነብለት እኔ እንደነበርሁ ነገርኋት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«እኔም እኮ ለእማማ የቀበሌውን ፎርም የምሞላው እኔ ነኝ» አለች። «ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ። ጎረቤቶቹም ይመጣሉ። አንዳንዴ የተጠየቁት ስለማይገባቸው መጀመሪያ ማስረዳት አለብኝ።»

«እሱን ጻፊዋ!»

«ይሄ ምን ይጻፋል?»

«ራስሽን አላመሰገንሽም፤ የሠራሽውን ነው የተናገርሽው።»

«ታታሪ ተማሪ ነኝ» የሚለውን አጠፋችው። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጻፈች። እኔ ሆሄ እንኳ አላረምሁላትም፤ የአንድ ሰው ላጲስ ይበቃል። ታኅሣሥ ላይ ላከችው። የትምህርት ዘርፍ በሚለው ቦታ ምን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም። መልሱ መጋቢት ላይ ነው፤ የእኛም አገር ፈተና አልቀረላትም፣ እያጠናች ነው።