አሮጌ አውቶሞቢልና የምርመራው ቀን፤ በእንግሊዝ አገር የአንድ ጥያቄ ታሪክ

በእንግሊዝ አገር አሮጌ አውቶሞቢል ያለው ሰው ሁሉ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም የመኪናው የብቃት ምርመራ ቀን ሲቃረብ፥ ከፍሎ ያስመርምረውና ጉድለት ቢገኝበት ያሳድሰው፤ ወይስ ምርመራው ሳይደርስ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሰጥቶ ይገላገለው? የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ ሰው የኪስ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ የተወለደበት ዓመት ይታወቃል፤ መልሱም ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፥ የአሮጌ መኪናን ዕድል የሚወስነው የመርማሪው ወረቀት ብቻ አለመሆኑን ነው። ምርመራው ቀጠሮውን ይቈርጣል፤ ፍርዱን የሚሰጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ውጭ ያሉት ገበያና ሕግ ናቸው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በመጀመሪያ ከምርመራው በፊት የነበረውን ሁኔታ እንመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለሕዝብ የሚሸጥ መኪና መሥራታቸውን ትተው ፊታቸውን ወደ ጦር መሣሪያ አዙረው ነበር። ሰላም ከሆነ በኋላም መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ስለ ቸገረው፥ ከሚሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ ወደ ውጭ አገር እንዲላኩ አደረገ። የአገሩ ሰው አዲስ መኪና ለመግዛት ስሙን አስመዝግቦ ለረጅም ጊዜ ይጠብቅ ነበር። ለግል መኪና የሚሰጠውም ቤንዚን እስከ 1950 ድረስ በራሽን ነበር። ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት መኪናዎች፥ ለምሳሌ ከ1922 እስከ 1939 የተሠራችው ትንሿ ኦስቲን ሰቨን፥ ካረጁ በኋላ እንኳ ከመንገድ አልወጡም። ፍሬናቸው ቢላላም፥ መሪያቸው ቢንገዳገድም፥ በሌላ የሚተኩበት መንገድ ስላልነበረ ባለቤቶቻቸው እየጠጋገኑ ይነዷቸው ነበር። በየዓመቱ የሚመረምራቸው ሕግም አልነበረም።

ለዚህ ሁኔታ መለወጥ መሠረት የሆነው በ1956 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ለትራንስፖርት ሚኒስትሩ አሮጌ መኪናዎችን የማስመርመር ሥልጣን ሰጠው። በሥራ ላይ የዋለው ግን በ1960 መስከረም ወር፥ ኧርነስት ማርፕልስ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የሚመረመሩት ዐሥር ዓመት የሞላቸው መኪናዎች ብቻ ነበሩ፤ የሚታየውም ፍሬን፥ መብራትና መሪ ነበር። ይሁን እንጂ በምርመራው የሚወድቁት መኪናዎች ቍጥር ከፍ ያለ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ዕድሜው በ1961 መጨረሻ ወደ ሰባት ዓመት፥ በ1967 ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ ተደረገ። የሚመረመረውም ነገር እየበዛ ሄደ። በ1968 ጎማ ተጨመረ፤ በ1977 ደግሞ የጭስ ማውጫውና የመኪናው አካል ራሱ በምርመራው ውስጥ ገቡ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የጦርነቱን ዘመን መኪናዎች ያጠፋቸው ምርመራው ነው ይላሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በ1960 ምርመራው ሲጀመር ገበያው እንደ ቀድሞው አልነበረም። ሚኒ የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢል በ1959 ወጥታ ከአምስት መቶ ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ትሸጥ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩትም መኪናዎች በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ውለው ነበር። እንግዲህ ፍሬኑ የደከመ የ1935 መኪና ያለው ሰው ለጥገና የሚያወጣውን ገንዘብ ከሌላ መኪና ዋጋ ጋር ማወዳደር ቻለ ማለት ነው። ይኸው ምርመራ በ1947 ታውጆ ቢሆን ኖሮ፥ በእኔ አስተያየት፥ ያው መኪና ያው ጉድለት እያለበት ይታደስ ነበር እንጂ አይጣልም ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው፤ የተለያየው አማራጩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመኪናው አሠራር ነው። በድሮው ሥራ መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበረው፤ ካሮሴሪያው በላዩ የሚቀመጥ ነበር። ላሜራው በዝገት ቢበላ እንኳ ሻንሲው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ መኪናው ይቆማል። በ1948 እንደ ወጣው ሞሪስ ማይነር ባሉት መኪናዎች ግን ካሮሴሪያው ራሱ የሻንሲውን ሥራ ይሠራል። ይህ አሠራር መኪናውን ቀላልና ርካሽ አድርጎታል፤ በአንጻሩ ግን ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ሲዝግ የሚጎዳው መልኩ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬው ነው። ከ1977 ወዲህ መርማሪው ይህን ዝገት ስለሚያይ፥ የመኪናው ዕድል የሚወሰነው በሞተሩ ሳይሆን በብየዳው ዋጋ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ሞተሩ እንደ ሰዓት እየሠራ ወደ ቁራጭ ብረት የሄደ መኪና ብዙ ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ከምርመራው በፊት መወሰን የሚፈልገው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ጥቂት ወራት የቀሩት የምርመራ ወረቀት ያለው መኪና እየተነዳ ሊሸጥ ይችላል። ወረቀቱ ያለቀበት ግን ወደ ጥገና ወይም አስቀድሞ ወደ ተቀጠረለት ምርመራ ካልሆነ በቀር በመንገድ ላይ መነዳት አይችልም፤ ዋጋውም ወደ ብረቱ ክብደት ይወርዳል። ከዚህም በላይ መርማሪው ብዙውን ጊዜ ጠጋኝ ነው፤ ፈቃድ የተሰጠው የግል ጋራዥ ያንኑ መኪና መርምሮ ያድሳልና። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰው ጥገና ወደማይሠሩት የማዘጋጃ ቤት መመርመሪያዎች መሄድን ይመርጣል። በሰሜን አየርላንድ ግን ምርመራውን የሚያካሂደው መንግሥት ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሳያስመረምሩ መጣል ማስረጃ ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። ለአውቶሞቢል የተወሰነው ከፍተኛ የምርመራ ክፍያ 54 ፓውንድ ከ85 ሳንቲም ነው፤ ይህም ሌላ መኪና ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሕጉም የዓመቱን ቀን ሳያስለውጥ እስከ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ማስመርመርን ይፈቅዳል። በመሆኑም አስተዋይ ባለቤት ጉድለቱን አውቆ፥ የጥገናውን ዋጋ ጠይቆ፥ ከዚያ በኋላ ለመወሰን ጊዜ አለው።

ሕግ በራሱ እጅ ፍርዱን እንደሚገለብጥ የሚያሳየው ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የ2009 ነው። በዚያ ዓመት በኢኮኖሚ ውድቀት ምክንያት የመኪና ሽያጭ ስለ ቀነሰ፥ መንግሥት አንድ ሺህ ፓውንድ፥ ሻጩ ፋብሪካም አንድ ሺህ ፓውንድ ከፍለው ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነውን መኪና በአዲስ የሚያስለውጥ ዕቅድ ወጣ። ከዕቅዱ ለመጠቀም ግን አሮጌው መኪና የምርመራ ወረቀት ያለው መሆን ነበረበት። በ1960 መኪና ወደ ብረት የሚሄደው በምርመራ ሲወድቅ ነበር፤ በ2009 ግን ምርመራውን ያለፈ መሆኑ ለመጨፍለቅ መብቃቱ ሆነ። ይህን ጊዜ ፈራጁ ፍሬን ወይም ዝገት ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኞች እንጀራ ነበር። በአንጻሩ ከ2018 ወዲህ አርባ ዓመት የሞላውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበት መኪና ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ሆኗል። በመጀመሪያ ዕድሜ የጥርጣሬ ምክንያት ነበረ፤ አሁን ዕድሜው ከበዛ የክብር ምክንያት ሆነ።

ይህ ጥናት ስለ እንግሊዝ ቢሆንም ወደ አገራችን ዘወር ብሎ ማየት ይጠቅማል። እኛም ዓመታዊ ምርመራ አለን፤ ምርመራውን ያላለፈ መኪና ቦሎ አይሰጠውም። ቃሉም ማኅተም ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ላዳ ታክሲዎች ለስንት ዓመት እንደ ሠሩ የማያውቅ የለም። በእንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ ቀደም ብለው የሚጣሉት መኪናዎች በእኛ ዘንድ የቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነው ኖረዋል፤ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣ መኪና በቀረጡ ብዛት ውድ ነበር፥ የመካኒክ እጅ ደግሞ ከዚያ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነበር። በዚህ ረገድ ሁኔታችን ከ1960 በኋላ ካለው ይልቅ ከ1947ቱ እንግሊዝ ጋር ይመሳሰላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል። ምርመራን ማጥበቅ ብቻውን አሮጌ መኪናን ከመንገድ አያወጣም፤ አማራጭ በሌለበት አገር የሚያወጣው ድኻውን ከሥራው ነው። ምርመራን መተው ደግሞ ፍሬን የሌለውን መኪና በእግረኛው ላይ መልቀቅ ነው። እንግሊዞች ሁለቱን ያስታረቁት ሕጉንና ገበያውን አንድ ላይ በለወጡበት ጊዜ ነው። እኛም ስለ አሮጌ መኪና ሕግ ስናወጣ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፥ መኪናው ስንት ዓመቱ ነው? የሚለውን ሳይሆን፥ ባለቤቱ ነገ በምን ይሄዳል? የሚለውን ነው።