ቀይ ሥጋ ሲወጣ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ውስጥ ቡሉክ የሚባል ሰፈር አለ፤ የፖሊስ ሆስፒታሉ ያለበት። የሞተር ታክሲውን ቦዳ ቦዳ ይሉታል። ከቦዳ ቦዳ በቀኝ በኩል ዘሎ የወረደ ሰው ባቱን ከጋለው ጭስ ማውጫ ጋር ያገናኘዋል። ያቺ ሞላላ ጠባሳ ስንቱ እግር ላይ አለች መሰላችሁ!

ከባሕር ዳር የሄደ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ደረሰችው። እያነከሰ ቡና ወደሚያፈሉት እናት ሄደ።

«ምን ቀባህበት?» አሉት።

«የጥርስ ሳሙና፣ እትዬ።»

«ምነው ልጄ፣ ባትህ ጥርስ አወጣ እንዴ? ተነስ፣ ክሊኒክ ሂድ!»

ሄደ። ታጠበለት፣ በፋሻ ተጠቀለለለት። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው ደግሞ በራሱ ሥልጣን ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝቶ ይውጥ ጀመር። ከሳምንት በኋላ ነርሷ ፋሻውን በጨው ውኃ አርሳ ቀስ እያለች ስታነሳው፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ደማቅ ቀይና ሻካራ ሆኖ ታየ፤ ፋሻው የነካካው ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ደም አወጣ። ልጁ ደነገጠ።

«ደማ እኮ!»

«ይድማ» አለችው፤ «ቀይ ሥጋ እያወጣህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቢነጣ ነበር።»

እውነቷን ነው። ያ ቀይ ሥጋ ቀይ የሆነው ትናንት ባልነበሩ ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለተሞላ ነው። ግድግዳቸው ገና ስስ ስለሆነ በትንሽ ንክኪ ይደማሉ። እና ማን ጠራቸው? ተረኩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን የተሠራው በአብዛኛው ከስብ ነው። ሕዋሱ ሲቃጠል ወይም ሲቆረጥ ኢንዛይም ይመጣና ከሽፋኑ ላይ አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል፣ 20 ካርቦን ያለው ስብ ቆርጦ ያወጣል። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ፕሮስታግላንዲን ይሠራል፣ በሌላው ሊዩኮትራይን። ሁለቱም እንደ እድር ጥሩምባ ናቸው፤ የሚሰሙት እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ተነፍተውም ወዲያው ዝም ይላሉ፣ ግን የሰማ ሁሉ የየራሱን ይዞ ይወጣል። አንዱ ሕመም ያመጣል፣ አንዱ እብጠት፣ አንዱ ነጭ የደም ሕዋስ ይጠራል።

ሰው እነዚህን ስቦች ያወቃቸው በክፉ ስማቸው ነው። ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ፕሮስታግላንዲን ብሎ ሰየመ፤ ከፕሮስቴት እጢ የሚመነጭ መስሎት ነበር። የአገሩ ሰዎች ሱኔ በርግስትሮምና ቤንግት ሳሙኤልሰን አጣርተው ቅርጹን አወቁ። በ1971 ደግሞ ጆን ቬን ለንደን ላይ አስፕሪን የዚህን ስብ መሠራት እንደሚያግድ አሳየ። ልብ በሉ፣ አስፕሪን ለገበያ የቀረበው በ1899 ነው! ዓለም ከሰባ ዓመት በላይ ውስጠ ምስጢሩን ሳያውቅ ሲውጠው ኖሯል። ሳሙኤልሰን በ1979 ሊዩኮትራይንን ጨመረ፤ የአስም በሽተኛን ደረት የሚያጨንቀው እሱ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ፣ በርግስትሮም፣ ሳሙኤልሰንና ቬን፣ በ1982 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ስቦቹ ግን ጥፋተኛ እንደተባሉ ቀሩ።

አሁን ወደ ደም ሥሩ ልመልሳችሁ። የደም ሥር በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ካለው ሥር ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ነው፤ በልጁ ባት ላይ የሆነው በዋናነት ይኸው ነው። ሁለተኛው ምንም ሥር ከሌለበት፣ ከግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ገና ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን ከሚችል እናት ሕዋስ፣ አዲስ መጀመር ነው፤ ፅንስ የሚያደርገው። ይህ ሁለተኛው ከማሕፀን በኋላ የለም ይባል ነበር። በ1997 ታካዩኪ አሳሃራና ጄፍሪ አይስነር ቦስተን ውስጥ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የደም ሥር መሆን የሚችሉ ሕዋሳት አገኘን አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ኋላ ክርክሩም ቀለጠ፤ ከተቆጠሩት ብዙዎቹ ተራ ነጭ የደም ሕዋሳት ነበሩና። እውነተኞቹ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው።

ስቦቹን ከግንደ ሕዋስ ጋር ያገናኛቸው ሌላ ሥራ ነው። እዚያው ቦስተን የሊዮናርድ ዞን ቡድን ዚብራፊሽ የምትባል ትንሽ ዓሣ ፅንስ ላይ ከ2 ሺህ በላይ ኬሚካሎችን ሞከረ። በ2007 ውጤቱ ሲወጣ የደም ግንደ ሕዋስን ከሚያበዙት መካከል ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ጎልቶ ተገኘ፤ መሠራቱን የሚያግደው ኢንዶሜታሲን ሲሰጥ ደግሞ ሕዋሱ አነሰ። እነዚህ የደም ግንደ ሕዋሳት የሚወለዱት ከፅንሱ ዋና የደም ሥር ግድግዳ ላይ ነው።

በ2010 የጀርመን፣ የየና ከተማ ተመራማሪዎች ሌላኛውን መንገድ ያዙ። የአይጥ ፅንስ ግንደ ሕዋሳትን በሳህን አሳድገው ሊዩኮትራይን የሚሠራበትን መስመር ዘጉ። ሕዋሳቱ የሚሠሩት የደም ሥር ቀነሰ። አስም የሚያስነሳው ያው ስብ፣ ለደም ሥር መወለድ ያስፈልግ ኖሯል! እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይህን አስበልጣለሁ። ስንት ዘመን ቃጠሎን ብቻ ስናይበት በኖርነው ነገር ውስጥ ግንበኛ ተቀምጧል።

ይህን የስቦቹን ግንበኝነት ፋርማሲስት ሁሉ በከፊል ያውቀዋል። ዲክሎፌናክ ሲሸጥ «ምግብ ሳትበላ እንዳትውጠው» የሚለው ለምን ይመስላችኋል? የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀው ፕሮስታግላንዲን ነው፤ ዲክሎፌናክ ደግሞ እንደ አስፕሪን መሠራቱን ያግዳል። በእንስሳት ላይ እንደታየው፣ እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራ ቁስል የሚድንበትን አዲስ የደም ሥር ያዘገያሉ። ይህ ማለት ግን ጥቂት ቀን ማስታገሻ የዋጠ ሰው ቁስሉ አይጠግም ማለት አይደለም። የቡሉኩ ልጅ ቀይ ሥጋውን ያወጣው እየዋጠ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሳምንት ሙሉ መዋጡን ግን አልወድለትም።

ጨርሻለሁ እንዳልላችሁ አንድ ነገር ይቀረኛል። ቬን የአስፕሪንን ምስጢር ባወጣበት በዚያው በ1971፣ ጁዳ ፎክማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ዕጢ አዲስ የደም ሥር ሳይጠራ ከትንሽ መጠን አልፎ ሊያድግ አይችልም ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አላመነውም ነበር። የአንጀት ካንሰር የደም ሥሩን ከሚጠራባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናም ዛሬ በስኳር በሽታ እግሩ ደም ያጣን ሰው የሚያክመው ሐኪም ጥሪው እንዲሰማ ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለው የካንሰር ሐኪም ደግሞ ዝም እንዲል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ስብ ነው።