ቤታቸው መሥሪያ ቤታቸው፦ የሸማኔ አባቶቻችንና የፈታይ እናቶቻችን ታሪክ



ዛሬ በየከተማው ብዙ ወጣቶቻችን ሱቅ ሳይከፍቱ፣ ቢሮ ሳይከራዩ ከቤታቸው ሆነው ይሠራሉ። አንዷ ዐባያ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ኬክ ጋግራ በቴሌግራም ትሸጣለች፣ ሌላው በኮምፒውተሩ የሰው ሥራ ይሠራል። ዘመድ ግን ሲያገኛቸው «አሁንም ሥራ አልያዝክም? አሁንም ቤት ነሽ?» ይላል። ቀኑን ሙሉ ሲደክሙ ውሎ ሥራ ፈት መባል ያማል። እኛ ግን ታሪካችንን ብናውቅ ኖሮ ይህን ጥያቄ ባልጠየቅን ነበር።

የላስታ ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወራው ስለ ሕንጻ ነው። ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ፣ በዋሻ ውስጥ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ የዛጉዬ ዘመን ቅርስ ነው። ሰው ያደንቀዋል፤ ይገባዋልም። ግን በሰሜኑ ደጋ የኖረውን ሕዝብ በብርዱ ወራት ማን አለበሰው? ጨውንና ጨርቁን ከገበያ ገበያ ማን አመላለሰው? ይህን ብለን ስንጠይቅ ስማቸው ብዙም ያልተጻፈ ሰዎች ብቅ ይላሉ። ከነሱም መካከል ሙስሊሞች ነበሩበት።

ከመቀሌ አጠገብ በምትገኘው ኲሓ ዐረብኛ የተጻፈባቸው የሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ዘመናቸው እ.ኤ.አ. ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የላሊበላንና የይምርሐነ ክርስቶስን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጽፏል። በዚያው መጽሐፉ በትግራይ ስለነበረችው ማናደሌ ስለምትባል የሙስሊሞች የንግድ ከተማም ይተርካል፤ ከግብጽና ከህንድ ሳይቀር ነጋዴ ይመጣባት ነበር። ስለዚህ በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ የትናንት እንግዳ አልነበረም።

ታዲያ ለምን ንግድና ሽመና ላይ ተሰማራ? ዋናው ምክንያት መሬት ነው። በብዙው የክርስቲያን ደጋ ሙስሊም ርስት አይዝም ነበር። በወሎ ሙስሊም ባላባቶች በነበሩባቸው ቦታዎች ሁኔታው ይለያል፤ በሌላው ደጋ ግን ሙስሊሙ ቢያርስ እንኳ የሰው መሬት ነበር የሚያርሰው። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚባለው አነጋገር ከዚህ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። በጎንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ማሳ የሌለው ሰው የቀረችው ጎጆው ናት፤ እሷን መሥሪያ ቦታ አደረጋት። ይህ ዕጣ የሙስሊሙ ብቻ አልነበረም፤ በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ርስት ተነፍገው በሽመና፣ በሸክላና በብረት ሥራ ኖረዋል።

ያ ቤት እንዴት ይሠራ እንደነበር እንመልከት። እናቶች ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ያወጣሉ፣ ያባዝቱታል፣ በእንዝርት ፈትለው ልቃቂት ያደርጉታል። ልጆች ማጉን በቀሰም ያጠነጥናሉ። ድሩ ይደወራል። ሸማኔው ወለሉ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ይቀመጣል፤ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን እየወረወረ ይሸምናል። ከዚያ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቡሉኮው ገበያ ይወጣል። ደንበኛው ገበሬም ሆነ መኳንንት፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ሸማኔው በጥቂት ቀን የሚጨርሰውን ጋቢ ፈትል ለማዘጋጀት ሴቶቹ ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር። ልብሱ ሲሸጥ ግን «የእገሌ ሥራ» ተብሎ የሚጠራው በሸማኔው ስም ነው። እናት ከምድጃ ስትነሳ እንዝርት ታነሳለች፣ እንዝርት ስታስቀምጥ ልጅ ታቅፋለች፤ ድካሟን እንደ ሥራ የቆጠረላት አልነበረም። የዛሬዋ እህታችን «ቤት ነሽ» ስትባል የምትሰማው ይኸንኑ የቆየ ስህተት ነው።

ሸማኔውም ቢሆን ክብር አላገኘም። የሰው ሁሉ ገላ የሚሸፈነው በእጁ ሥራ ሆኖ ሳለ «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ብረት ሠሪው «ጠይብ» ይባላል። ነገሩ እጅግ በመክፋቱ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ግን ምላስን ቶሎ አያስተካክልም፤ ስድቡ ከዚያ በኋላም ዘልቋል።

በዲናችን ሚዛን ይህ ስድብ ቦታ የለውም። ነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ቆዳ እያለፉና እየሰፉ፣ ከሚያገኙት ይመጸውቱ ነበር። ምጽዋታቸው የመጣው ከእጃቸው ሥራ ነው።

የመሬቱ ጥያቄ ግን በትዕግሥት ብቻ አልተፈታም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት መብት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ሃይማኖት መሬት የመከልከያ ምክንያት መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሽመና የግድ ሳይሆን የምርጫ ሥራ መሆን ጀመረ።

ሙያውም ሌላ ፈተና ነበረበት። ከባሕር ማዶ አቡጀዲ መጣ፣ የጃፓን ጨርቅ ተከተለ፣ ቀጥሎ የድሬዳዋና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተተከሉ። የእጅ ሸማ ግን አልጠፋም። ሸማኔው የፋብሪካውን ክር ለድር ወሰደ፣ የእጅ ፈትሉን ለማግ አስቀረ፤ ፋብሪካው የማይችለውን ጥለትና ጥበብ የራሱ አደረገ። በወሎ የሾንኬና የጦልሃ አርጎባዎች በሽመና የታወቁ ናቸው። በአዲስ አበባም ሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎችን ሥራ የማያውቅ የለም።

ከዚህ ታሪክ ከቤቱ ለሚሠራ ወጣት ሦስት ነገር እንያዝለት።

አንደኛ፣ ቤት ውስጥ መሥራት ሥራ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጥበት ሰዓት ነበረው፤ የገበያውም ቀን አይጠብቀውም። ላሊበላ ገበያዋ ቅዳሜ ነው፤ ለቅዳሜ ያልደረሰ ጋቢ ሌላ ሳምንት ይጠብቃል። አንተም ሰዓትህን ለይ፣ የምታስረክብበትን ቀን አክብር። አንተ ያላከበርከውን ሰዓት ዘመድህ አያከብርልህም።

ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን እጅ ድካም ቁጠሩ። እህትህ ትእዛዝ ከተቀበለችልህ፣ እናትህ ከጋገረችልህ፣ ባለቤትህ ካሸገችልህ ድርሻቸውን በደብተር ጻፈው፤ በገንዘብም አሳየው። በስምህ የሚሸጠው ዕቃ የስንት ሰው ጉልበት እንዳለበት ሳታውቅ ትክክለኛ ዋጋ ልታወጣለት አትችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ሐቅ ነው።

ሦስተኛ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አትሽሽ። ድሩን ከፋብሪካ ውሰድ፣ ማጉን ግን ራስህ ፍተል። ስልክና ኢንተርኔት የሚያቀልልህን ተጠቀምበት፤ ደንበኛ አንተን ፈልጎ የሚመጣበትን ሙያ ግን ለማንም አትልቀቅ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ወደ ጎጆ የገቡት ሌላ በር ተዘግቶባቸው ነው። እኛ ብዙ በር ተከፍቶልን ከቤት መሥራትን ስንመርጥ አንገት የምንደፋበት ምክንያት የለም። ከዛሬ ጀምሮ ከቤቷ የምትሠራ እህት ስናገኝ «ሥራ አልያዝሽም?» ማለቱን ትተን «ሥራሽ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቃት።

አላህ በሐላል ሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። አሚን።