ከፍልውሃ እስከ ኩላሊት እጥበት

በእንጦጦና በግርጌው ውሃ የመፈወሻ መንገድ ሆኖ የቆየ ነው። በኮረብታው ላይ ሕመምተኛ ጠበል ይጠመቃል፣ ይጠጣል፤ ልማዱ ዛሬም አልተቋረጠም። እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. ከብርዳማው እንጦጦ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ የሳባቸው የፍሉ ውሃ ነገር ነበር፤ አዲስ አበባም ከዚያ ተቆረቆረች። እንዲህ ባለ አገር «ኩላሊት እጥበት» የሚለው ስም ለጆሮ አይከብድም። ስሙ ግን ትንሽ ያሳስታል፤ የሚታጠበው ደሙ እንጂ ኩላሊቱ አይደለም።

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኞችን አከሙ። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። በዚያ ዘመን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የትም አገር መድኃኒት አልነበረም። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ የሰውን ደም በሴሎፎን ቱቦ አሳልፎ ማጠብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በኢትዮጵያ ቋሚ እጥበት በግል ሆስፒታል፣ በቅዱስ ገብርኤል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ፤ በኋላ አገልግሎቱ ወደ መንግሥት ሆስፒታሎችም ሲዘልቅ ምኒልክ አንዱ ሆነ።

የእጥበት ማሽኑ የሚተካው ወንፊት በኩላሊት ውስጥ ሕያው ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ ሁለቱ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ሊትር ነው። የማጣሪያውን ደም ሥር ከውጭ የሚያቅፉት ፖዶሳይት የተባሉ ሴሎች ናቸው። እግሮቻቸው ከጎረቤት ሴል እግሮች ጋር ይጠላለፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊሜትር 25 ሺህኛ ገደማ ነው። ይህን ክፍተት የሚሸምነው ኔፍሪን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ከሁለቱም ወገን ተዘርግቶ መካከል ላይ ይያያዛል። የሽሮ ሜዳ ሽመኔ ድሩን ከእንጨት ጋር አጥብቆ እንደሚያስር፣ ፖዶሲን የተባለው ሌላ ፕሮቲን ኔፍሪንን ከሴሉ ሽፋን ጋር ያስራል። ኢንተግሪን የተባለው ፕሮቲን ደግሞ የሴሉን እግር ከሥሩ ካለው ስስ ንጣፍ ጋር ያጣብቃል። ማሰሪያው ሲላላ እግሮቹ ይጠፈጠፋሉ፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል፤ ሽንት አረፋ ያወጣል፣ ፊትና እግር ያብጣል። ከንጣፉ የተላቀቀ ፖዶሳይት በቀላሉ አይተካም።

የኔፍሪን ዘረመል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 በፊንላንድ ሕፃናት ሕመም አማካይነት ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ የተመረመረው ግን ሌላ ዘረመል ነው። ኤፒኦኤል1 የተባለው ዘረመል በምዕራብ አፍሪካ የሚበዙ ሁለት ቅርጾች አሉት፤ ሁለቱም ፖዶሳይትን ይጎዳሉ፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይም ኩላሊቱን ክፉኛ ያጠቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ግን ቅርጾቹን በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ አላገኛቸውም። የቆዳ ቀለምን አይቶ ስለ ኩላሊት መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ከዘመድ የመጣ ኩላሊት ከነፖዶሳይቱ፣ ከነኔፍሪኑ ስለሚመጣ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ገደማ የሚወስደው እጥበት ይቀራል፤ በምትኩ ሰውነት እንግዳውን አካል እንዳይገፋው የሚያደርግ መድኃኒት በየቀኑ ይዋጣል።