ዝርዝሩ አለመነካቱን በምን እናውቃለን? ስለ ምስጠራ፣ ስለ ሃሽና ስለ መልእክት ማረጋገጫ የሚነሱ ጥያቄዎች

የምተዳደረው በኮምፒዩተር ሙያ ነው፡፡ የምኖረው ደግሞ አቃቂ ቃሊቲ፣ ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነው፡፡ በሰፈራችን ብዙው ሰው ቤቱን ያገኘው በኮምፒዩተር በወጣ ዕጣ ነው፡፡ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በወጣው የ13ኛው ዙር የ20/80 እና የ2ኛው ዙር የ40/60 ዕጣ ከተካተቱት 51,229 ቤቶች መካከል የኮዬ ፈጬዎቹ ይገኙበታል፡፡ ያኔ የተነሳው ውዝግብ በዋናነት ስለ ወሰንና ስለ አርሶ አደሩ መሬት ነበር፡፡ የኮምፒዩተሩ ጉዳይ አገር ያነጋገረው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፡፡

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር የ20/80 እና የ3ኛው ዙር የ40/60 ዕጣ ለ25,791 ቤቶች ወጣ፡፡ ከቀናት በኋላ ግን የከተማው አስተዳደር ዕጣውን ሰረዘው፡፡ በተሰጠው መግለጫ መሠረት፣ ከባንክ የተላከው የብቁ ቆጣቢዎች ዝርዝር 79 ሺህ ያህል ሰው የያዘ ሲሆን ዕጣው ውስጥ ገብቶ የተገኘው ግን ከ172 ሺህ በላይ ነበር፡፡ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተጠርጥረው ታሰሩ፡፡ ዕጣውም በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ፡፡ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ እየቆጠበ 17 ዓመት ለጠበቀ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ “አንተ የኮምፒዩተር ሰው ነህ፣ እስቲ አስረዳን” እያሉ ይጠይቁኛል፡፡ ተደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እንደሚከተለው አቅርቤያለሁ፡፡

ጥያቄ፡- ምስጠራ፣ ሃሽና የመልእክት ማረጋገጫ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፡- ሦስቱም የሚመልሱት የተለያየ ሥጋት ነው፡፡ ምስጠራ “ሌላ ሰው ያነብብኛል” ለሚለው ሥጋት ነው፡፡ ጽሑፉን ቁልፍ የሌለው ሰው እንዳይረዳው አድርጎ ይለውጠዋል፤ ቁልፍ ያለው መልሶ ይፈታዋል፡፡ ሃሽ “ፋይሉ ተለውጦ ይሆን?” ለሚለው ነው፡፡ የመልእክት ማረጋገጫ ደግሞ “ይህን የላከው በእርግጥ እሱ ነው? በመንገድስ አልተነካም?” ለሚለው ነው፡፡ በወረቀት ዓለም ብናስበው፣ ምስጠራ የታሸገ ፖስታ፣ ሃሽ የጣት አሻራ፣ የመልእክት ማረጋገጫ ደግሞ ማህተም ነው ማለት ይቻላል፡፡ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፡፡ ብዙው ስህተት የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ከመጠቀም ነው፡፡

ጥያቄ፡- የምስጠራው ስሌት በመጽሐፍ ሁሉ ታትሞ ይገኛል ይባላል፡፡ ታዲያ እንዴት ሚስጥር ይጠብቃል?

መልስ፡- ሚስጥሩ ያለው በቁልፉ እንጂ በስሌቱ አይደለም፡፡ መርካቶ ሄደው ቁልፍ ቢገዙ ያው ዓይነት ቁልፍ በሺህ ቤት በር ላይ አለ፤ የአሠራሩንም ነገር ቁልፍ ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ የእርስዎን በር የሚከፍተው ግን በኪስዎ ያለው መክፈቻ ብቻ ነው፡፡ ይህን ደንብ ኦጉስት ኬርኮፍስ በ1883 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ዛሬም ይሠራል፡፡ እንዲያውም ዓለም አይቶ፣ ሊሰብረው ሞክሮ ያቃተው ስሌት ነው የሚታመነው፡፡ “የራሳችንን ድብቅ ምስጠራ ሠርተናል” የሚልዎ ድርጅት ካለ ይጠንቀቁ፡፡

የቁልፉ ርዝመትም ወሳኝ ነው፡፡ በ1977 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ የሆነው ዲኢኤስ ቁልፉ 56 ቢት ነበር፡፡ በ1998 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አንድ መሣሪያ በ56 ሰዓት ውስጥ ቁልፉን አገኘው፡፡ በ2001 እ.ኤ.አ. የተተካው ኤኢኤስ፣ ሁለት ቤልጂየማውያን የቀመሩት ሲሆን ቁልፉ ከ128 ቢት ይጀምራል፡፡ የ128 ቢት ቁልፎች ብዛት 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፡፡ እየሞከሩ ማግኘት የማይታሰብ ነው፡፡

ጥያቄ፡- ሃሽ ሲባል በትክክል ምንድን ነው?

መልስ፡- ሃሽ ማንኛውንም ፋይል፣ የአንድ ገጽ ደብዳቤም ይሁን የሺህ ገጽ መዝገብ፣ ተቀብሎ እኩል ርዝመት ያለው አጭር ጽሑፍ የሚያወጣ ስሌት ነው፡፡ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኤስኤችኤ-256 ሁልጊዜ 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል፡፡ ሦስት ጠባይ አለው፡፡ አንደኛ፣ ያው ፋይል ሁልጊዜ ያንኑ ሃሽ ይሰጣል፡፡ ሁለተኛ፣ ከፋይሉ አንድ ፊደል ቢለወጥ ሃሹ ከዳር እስከ ዳር ይለወጣል፡፡ ሦስተኛ፣ ከሃሹ ተነስቶ ወደ ፋይሉ መመለስ አይቻልም፡፡ ጤፍ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ግን ተመልሶ ጤፍ አይሆንም፡፡

የብሎካችን ኮሚቴ የውኃና የጥበቃ መዋጮ ዝርዝር በቴሌግራም ይልካል እንበል፡፡ ከ200 ስም አንዱ ላይ “ከፍሏል” የሚለው “አልከፈለም” ቢባል በዓይን ማን ያየዋል? ሃሹን የሚያወዳድር ግን ወዲያው ያውቃል፡፡ የትኛው መስመር እንደተለወጠ አይነግርዎትም፤ መለወጡን ግን ይነግርዎታል፡፡ ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ለስልክም ነፃ ፕሮግራሞች ይገኛሉ፡፡

ጥያቄ፡- የቆጣቢዎቹ ዝርዝር ተመስጥሮ ቢላክ ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር ማለት ነው?

መልስ፡- አይደለም፡፡ ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይስተዋል፡፡ ምስጠራ የሚጠብቀው ከመንገደኛ ነው፡፡ ተቀባዩ ቢሮ ፋይሉን ፈትቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ከጫነው በኋላ ምስጠራው ሥራውን ጨርሷል፤ እዚያ ቁልፍ ይዞ የተቀመጠው ሰው ስም ቢጨምር የሚያግደው ነገር የለም፡፡

በመንገድ ላይም ቢሆን መመስጠር ማለት አለመነካት ማለት አይደለም፡፡ በአንዳንድ የምስጠራ ዘዴዎች፣ የብሩ መጠን ፋይሉ ውስጥ የትኛው ቦታ እንዳለና ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ቁልፉን ሳያውቅ 1,000 የሚለውን 9,000 ሊያደርገው ይችላል፡፡ ተቀባዩ ሲፈታው ያለ ምንም ምልክት 9,000 ሆኖ ያገኘዋል፡፡ ለዚህ ነው ዛሬ ምስጠራና ማረጋገጫን አጣምረው የሚሠሩ ዘዴዎች የሚመረጡት፡፡

ጥያቄ፡- እንግዲያው ሃሹ ብቻ ይበቃል?

መልስ፡- የሚወሰነው ሃሹ በሚቀመጥበት ቦታ ነው፡፡ ዝርዝሩና ሃሹ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ ዝርዝሩን የለወጠው ሰው አዲስ ሃሽ አስልቶ አሮጌውን ይተካዋል፡፡ ስሌቱ ለሁሉም ክፍት ነውና፡፡

ነገር ግን ባንኩ ዝርዝሩን በላከ ዕለት 64ቱን ፊደልና ቁጥር በጋዜጣ ቢያወጣውስ? ማንም ሰው ከሃሹ ተነስቶ የቆጣቢዎችን ስም ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ የሚወጣ ሚስጥር የለም፡፡ በዕጣው ዕለት ደግሞ ታዛቢዎች ማሽኑ ላይ የተጫነውን ፋይል ሃሽ አውጥተው ከጋዜጣው ጋር ያመሳክራሉ፡፡ 79 ሺህ ሰው የነበረበት ፋይል 172 ሺህ ሲሆን ይቅርና አንድ ስም ሲጨመርበት ሃሹ አይገጥምም፡፡ የታተመን ጋዜጣ ደግሞ ከየቤቱ ሰብስቦ መለወጥ አይቻልም፡፡

ጥያቄ፡- የመልእክት ማረጋገጫውስ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፡- ላኪና ተቀባይ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይጋራሉ፡፡ ላኪው መልእክቱንና ቁልፉን በአንድ ላይ አስልቶ አጭር ምልክት ያወጣና ከመልእክቱ ጋር ይልካል፡፡ ተቀባዩም እንዲሁ አስልቶ ምልክቱ ከገጠመለት መልእክቱ ከባልደረባው የመጣ፣ ያልተነካም ነው፡፡ ቁልፉን የማያውቅ ሰው መልእክቱን ቢለውጥ አዲስ ምልክት ሊያወጣለት አይችልም፡፡ ከሃሽ የሚለየው በዚህ ነው፡፡ በ1996 እ.ኤ.አ. የቀረበውና በሃሽ ላይ የተመሠረተው ኤችማክ ዛሬ በየቦታው አለ፡፡ በስልክዎ ላይ በየ30 ሴኮንዱ ስድስት አሃዝ የሚቀያይረው የማረጋገጫ ፕሮግራምም የሚሠራው በዚሁ ነው፡፡

ጥያቄ፡- ባንኩና ቢሮው በዚህ ዘዴ ቢጠቀሙ ኖሮ “ማን ለወጠው” የሚለው ክርክር ይፈታ ነበር?

መልስ፡- በግማሽ፡፡ ቁልፉ በሁለቱም እጅ ስላለ፣ ሁለቱም ትክክለኛ ምልክት ማውጣት ይችላሉ፡፡ ቢሮው “እንዲህ አድርጎ የላከው ባንኩ ነው” ቢል፣ ባንኩም “አልላክሁም” ቢል፣ ዳኛው በምልክቱ ብቻ ሊፈርድ አይችልም፡፡ ለሦስተኛ ወገን ማስረጃ የሚሆነው ዲጂታል ፊርማ ነው፡፡ እዚህ ላይ ቁልፉ ሁለት ነው፤ የሚፈርመው በባንኩ እጅ ብቻ ይቀራል፣ የሚያረጋግጠው ደግሞ ለሕዝብ ይሰጣል፡፡ አርኤስኤ የተባለው በ1977 እ.ኤ.አ. የተሠራው ስሌት በዚህ ዓይነት ከሚታወቁት ቀዳሚው ነው፡፡ ማንም ያረጋግጣል፤ ሊፈርም የሚችለው ግን አንዱ ብቻ ነው፡፡ በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ቆይቷል፤ ስለዚህ የሕግ መሠረት የለም አይባልም፡፡

ጥያቄ፡- ዝርዝሩ ንጹህ ሆኖ ዕጣ አውጪው ፕሮግራም ቢያዳላስ?

መልስ፡- ፕሮግራምም ፋይል ነው፤ ሃሽ ይወጣለታል፡፡ ቀድሞ በነፃ ባለሙያዎች ይመረመራል፣ የተመረመረው ፕሮግራም ሃሽ ይታተማል፣ በዕለቱም ይመሳከራል፡፡ ቀሪው መነሻው ቁጥር ነው፡፡ ኮምፒዩተር ዕጣ የሚያወጣው ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ ነው፡፡ ያ ቁጥር ቀድሞ ከታወቀ ውጤቱም ቀድሞ ይታወቃል፡፡ ስለዚህ ዝርዝሩና ፕሮግራሙ ከታሸጉ በኋላ፣ በአዳራሹ በሕዝብ ፊት በኳስ ወይም በዳይ ቢወጣ ይመረጣል፡፡ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩና ፕሮግራሙ የተፈቀደለት መርማሪ ሁሉ ዕጣውን ደግሞ አስልቶ ያንኑ ውጤት ማግኘት አለበት፡፡

ጥያቄ፡- ሃሽ ይሰበራል ሲባል እሰማለሁ፡፡ እውነት ነው?

መልስ፡- አንዳንዶቹ ተሰብረዋል፡፡ ሃሽ ተሰበረ የሚባለው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ ሲቻል ነው፡፡ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤምዲ5 በ2004 እ.ኤ.አ. በቻይናውያን ተመራማሪዎች፣ ኤስኤችኤ-1 ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. በጉግልና በአምስተርዳም ተመራማሪዎች ተሰብረዋል፡፡ ኤስኤችኤ-256 ግን እስካሁን እንዲህ አልደረሰበትም፡፡ መሥሪያ ቤትዎ አሁንም ለማረጋገጫ በኤምዲ5 የሚጠቀም ከሆነ መቀየር አለበት፡፡

ጥያቄ፡- የይለፍ ቃሌን ረሳሁ ብል ድርጅቱ ያንኑ የድሮውን በመልእክት ላከልኝ፡፡ ጥሩ አገልግሎት አይደል?

መልስ፡- የሚያስመሰግን ሳይሆን የሚያስደነግጥ ነው፡፡ የድሮውን መላክ የቻለው የይለፍ ቃልዎን በግልጽ ወይም ሊፈታ በሚችል ሁኔታ ስላስቀመጠው ነው፡፡ ትክክለኛው አሠራር ሃሹን ብቻ ማስቀመጥ፣ ሲረሱም አዲስ ማስወጣት ነው፡፡ ያም ሆኖ ተራ ሃሽ አይበቃም፡፡ በ2012 እ.ኤ.አ. ከሊንክድኢን ተሰርቆ የወጣው 6.5 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃል ሃሽ ብዙው በአጭር ጊዜ ተገምቶ ተገኝቷል፡፡ ምክንያቱ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ተጨማሪ ቁጥር አልተቀላቀለበትም ነበር፡፡ ይህን ተጨማሪ ባለሙያዎች “ጨው” ይሉታል፡፡ ጨው ሲጨመርና ሆን ተብለው ዘገምተኛ ሆነው የተሠሩ ስሌቶች ሲመረጡ የሌባው ሥራ ይከብዳል፡፡

ጥያቄ፡- የደንበኞቻችንን ስልክ ቁጥር በሃሽ ለውጠን ብናስቀምጥ ተደበቀ ማለት ነው?

መልስ፡- አልተደበቀም፡፡ የእኛ አገር የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ስምንት አሃዝ ይከተለዋል፡፡ ሁሉም ቢደመር 200 ሚሊዮን ነው፡፡ አንድ ተራ ላፕቶፕ የሁሉንም ሃሽ በደቂቃዎች ውስጥ አስልቶ የትኛው የማን እንደሆነ ያወጣዋል፡፡ አራት አሃዝ ያለው የሚስጥር ቁጥርማ 10 ሺህ አማራጭ ብቻ ነው፡፡ እንዲህ ላለው፣ ቁልፍ ያለው ስሌት እንጂ ባዶ ሃሽ አይሆንም፡፡

ጥያቄ፡- ቴሌግራም ላይ የምጽፈው ሁሉ ተመስጥሯል አይደል?

መልስ፡- በመንገድ ላይ ተመስጥሯል፤ ነገር ግን በተራው የቴሌግራም ውይይትና በግሩፖች ቁልፉ በኩባንያው እጅም ነው፡፡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጥረው ለብቻው የሚከፈተው “ሚስጥራዊ ውይይት” ነው፡፡ ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መልእክቶችን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል፡፡ በድረ ገጽ አድራሻ ላይ የሚታየው የመሥመሩ ምስጠራም እንዲሁ መንገዱን ይጠብቃል እንጂ የገጹ ባለቤት ታማኝ ነው ማለት አይደለም፤ አጭበርባሪም ያወጣዋል፡፡

ከዚህ ሁሉ አንባቢ ቢያንስ ሦስት ነገር ቢይዝ ደስ ይለኛል፡፡ ወደፊት በኮምፒዩተር ዕጣ፣ ፈተና ወይም ድልድል ሲደረግና “ሲስተሙ አስተማማኝ ነው” ሲባል፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፡፡ የዝርዝሩ ሃሽ ቀድሞ የታተመው የት ነው? የላከው አካል ፈርሞበታል ወይ? ውጤቱን ከውጭ የመጣ ሰው ደግሞ ሊያሰላው ይችላል ወይ? ለሦስቱም መልስ ካለ፣ የማናውቀውን ባለሙያ ሐቀኝነት ብቻ ማመን አይጠበቅብንም፤ በሐቅ የሠራውም ባለሙያ ንጽሕናውን የሚያሳይበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል፡፡