ከሐዲድ ዳር ሽቦ እስከ ሞባይል ማማ፦ ኔትወርክ በአዲጋላ መስመር

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ ኩባንያው ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር የመዘርጋት ግዴታም ተጥሎበት ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። በዛሬው የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኘው አዲጋላ ከዚህ መስመር ጣቢያዎች አንዷ ናት።

ሽቦው ጌጥ አልነበረም። ሐዲዱ ነጠላ በመሆኑ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ ቀጣዩን ጣቢያ ሳይጠይቁ ባቡር መልቀቅ አደጋ መጥራት ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ነገር ግን ሽቦ ከጣቢያ አይርቅም። ግመሉን እየነዳ ግጦሽ ፍለጋ ለወጣ አርብቶ አደር ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ በሩቁ የሚያየው የሌላ ሰው ንብረት ነበር።

ለመኪና የተወለደ ሐሳብ

ለዚህ ሰው መፍትሔ የሆነው ሐሳብ የታሰበው ግን ለእሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ዳግላስ ሪንግ ያሰበው ስለ መኪና ስልክ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ውስን ነው፤ አንድ ትልቅ ማማ አካባቢውን በሙሉ ከሸፈነ በአንድ ጊዜ መነጋገር የሚችሉት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሪንግ አካባቢውን ባለ ስድስት ጎን ትናንሽ ቀጠናዎች ከፋፈለው። እያንዳንዱ ቀጠና አነስተኛ ኃይል ያለው የራሱ ማሠራጫ ይኖረዋል፤ ራቅ ራቅ ያሉ ቀጠናዎች ደግሞ ያንኑ ሞገድ መልሰው ይጠቀሙበታል። ዛሬ ሴሉላር የምንለው ሥርዓት መሠረቱ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ለአገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1979 ቶኪዮ ላይ ነው። ሁለተኛው ትውልድ፣ ማለትም ዲጂታሉ ጂኤስኤም፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ኢትዮጵያ የገባው ይኸው ጂኤስኤም ሲሆን፣ በ1991 ዓ.ም. የተጀመረውም አዲስ አበባ ላይ ነው። 4ጂ በመጋቢት 2007 ዓ.ም.፣ የ5ጂ ሙከራም በግንቦት 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የታዩት በዋና ከተማዋ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ግን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር የመረጠው የባቡሯን ከተማ ድሬዳዋን ነበር።

የ35 ኪሎ ሜትር ወሰን

ወደ አዲጋላ ሜዳ ሲመጣ ችግሩ ይገለበጣል። እዚህ ሰው አልተጨናነቀም፤ ያስቸገረው ርቀቱ ነው። በጂኤስኤም አንድ ሞገድ ለስምንት ተጠቃሚዎች በጊዜ ይከፋፈላል፤ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ስምንት እረኞች ተራ ይዘው ከብት እንደሚያጠጡ ማለት ነው። ከማማው የራቀ ስልክ ድምፁ ዘግይቶ ደርሶ የሌላውን ተራ እንዳይነካ፣ ማማው ቀደም ብሎ እንዲልክ ያዘዋል። ይህ ማስተካከያ 63 ደረጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ደረጃ 550 ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ስልክ የማማው ምልክት ቢታየው እንኳ በተለመደው አሠራር ደውሎ መነጋገር አይችልም።

በተግባር ደግሞ ኮረብታውና የስልኩ ደካማ ኃይል ወሰኑን ይበልጥ ያጠቡታል። ዝቅተኛ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ከፍተኛው ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። 5ጂ በብዛት የሚሠራባቸው ከፍተኛ ሞገዶች ለመርካቶ ይመቻሉ፤ ለሲቲ ሜዳ የሚበጀው እንደ 900 ሜጋኸርዝ ያለው ዝቅተኛው ነው።

በባቡር ላይ ያለ ስልክ

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዲጋላ ያልፋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር በደቂቃ 2 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ማማዎቹ በ20 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ፣ እየተነጋገረ የሚጓዝ ተሳፋሪ በየ10 ደቂቃው ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ተሳፋሪው አያውቀውም እንጂ ስልኩ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል የአካባቢውን ማማዎች ጉልበት እየለካ፣ እስከ ስድስት የሚደርሱትን ጠንካሮች ሪፖርት ያደርጋል። ኔትወርኩም የተሻለው ላይ ቦታ አዘጋጅቶ ስልኩን ያሻግረዋል። በመካከል ክፍተት ካለ መሻገሪያ የለም፤ ወሬው ይቋረጣል።

በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ አካባቢ ሌላ ነገር ይመጣል። ሞገድ የድንበር ኬላ አያውቅምና ስልኩ የጅቡቲን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። ሮሚንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሒሳቡም ከአገር ውስጡ ይወደዳል። በድንበር የሚጓዝ ሰው ከስልኩ ላይ ኔትወርኩን በእጁ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከማማው ጀርባ

ማማው ራሱ ብቻውን ምንም አይደለም። መብራት ይፈልጋል፤ መስመር ካልደረሰው ጄኔሬተር ወይም ሶላር። ጥሪውን ወደ ዋናው ማዕከል የሚወስድ ፋይበር ወይም ማይክሮዌቭም ያስፈልገዋል። የአገሪቱ ኢንተርኔት አብዛኛው ዛሬም የሚወጣው የባሕር ውስጥ ኬብሎች ባሉባት በጅቡቲ በኩል ነው፤ ከ120 ዓመት በፊት ሐዲዱና ሽቦው በገቡበት አቅጣጫ።

የኔትወርክ ሽፋን ሲነገረን የምንሰማው ብዙ ጊዜ የሕዝብ ሽፋን፣ ማለትም ከሕዝቡ ስንት በመቶው ኔትወርክ እንደሚደርሰው ነው። የአገራችን ሰው በብዛት የሰፈረው ደጋው ላይ ስለሆነ፣ ሰፊው ቆላ ባዶውን ቀርቶ እንኳ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ለአርብቶ አደሩ የሚጠቅመው የቆዳ ስፋት ሽፋን ነው። ስለዚህ የቴሌኮም ድርጅቶችም ሆኑ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ቁጥሮች በየወረዳው ለይተው ለሕዝብ ይንገሩ።