ልብስ፣ አነጋገርና የዕውቀት ግምት፦ ከወገል ጤና የተነሣ ታሪካዊ ሐተታ

አበው «ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ንግግርንና ጨርቅን በአንድ ላይ ያጣምራል። ምሳሌው የሚያስጠነቅቀው በችሎት ፊት የሚቆመውን ባለጉዳይ ነው፤ ነገሩን አሳምሮ ካላቀረበ እውነት ይዞም ሊረታ ይችላልና። ዛሬ ግን ነገሩን ገልብጠን የያዝነው ይመስላል። ፍርዱን በንግግሩ ላይ መስጠቱን ትተን በተናጋሪው ላይ እንሰጣለን፤ የለበሰውን አይተንና የአፉን ለዛ ሰምተን የአእምሮውን ልክ እንወስናለን። ይህ ልማድ ከየት መጣ? በሙያችንስ ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል? የመጽሔቱ አዘጋጆች ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ርእስ የመረጥሁት፣ እኔ ራሴ በዚሁ ስሕተት ወድቄ ስለነበረ ነው። የወደቅሁትም በወሎ ደጋ፣ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን እንመልከት።

በቀድሞው ሥርዐት ልብስ የማዕረግ ምልክት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አንዱ ሸማ እንደ አለባበሱ ብዙ ነገር ይናገር ነበር። ታናሽ በታላቅ ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ላይ ያደገድጋል፤ ጌታው ግን ተከናንቦ አፉን ይሸፍናል። ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ፣ ከንጉሥ እጅ የሚሸለመው የሐር ቀሚስ፣ ለምዱና ካባው ሁሉ የባለቤቱን ደረጃ ከሩቅ ያስታውቁ ነበር። ይሁን እንጂ ልብሱ የሚናገረው ስለ ሹመትና ስለ ትውልድ ነበር እንጂ ስለ አእምሮ አልነበረም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደላንታ ደጋ ሆኖ የጅጣን ገደል አሻግሮ ለሚመለከት ሰው የሚታየው አገር ዋድላ ነው። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነቱ ስሙ የሚጠራ የሊቃውንት አገር ነው። በእንዲህ ያለው ጉባኤ የሚውለው ተማሪ የበግ ለምድ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ ያድራል። ከልብሱ ቢታይ ከለማኝ የሚለየው ነገር የለም። ሆኖም ይኸው ተማሪ በግእዝ ቋንቋ፣ ቤቱን ጠብቆ፣ ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ በአንድ ሌሊት ቅኔ የሚቆጥር ነው። ካባ የለበሰው መኰንን በበኩሉ አንድ ፊደል ላይለይ ይችል ነበር። ቋንቋችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። «ጨዋ» የሚለው ቃል በዓለማዊው አነጋገር የትልቅ ሰው ልጅ፣ ምግባረ መልካም ማለት ሲሆን፣ በቤተ ክህነት አነጋገር ግን ያልተማረ ማለት ነው። አንድ ሰው በአንድ ቃል በማዕረጉ ሲከበር በዕውቀቱ ይናቃል። እንግዲህ ማዕረግና ዕውቀት በየራሳቸው ሚዛን ይመዘኑ ነበር ማለት ነው።

በችሎትም እንዲሁ ነበር። «በላ ልበልሃ» ብሎ የሚሟገተው ባላገር፣ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ዘንጉን እያወዛወዘ፣ በምሳሌና በተረት ዳኛውን ያስደምም ነበር። ርቱዕ አንደበት የባለ ካባ ብቻ ሀብት አልነበረም። «ባላገር» የሚለው ቃል ራሱ ቢፈታ «ባለ አገር» ማለት እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

እንዲህ ሲባል ግን የቀድሞው ዘመን ከአድልዎ የጸዳ ነበር ማለት አይደለም። በተለይ ለእኛ ለመሐንዲሶች ሊሰማን የሚገባ ትልቅ ነውር ነበረበት። ጃኖውን የሚሸምነው ሸማኔ፣ ማረሻውንና ጦሩን የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፣ ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ፣ ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ሁሉ የተናቁ ነበሩ። ለጌታው ክብር የሚሰጠውን ልብስ የሠራው እጅ ራሱ ክብር አልነበረውም። የእጅ ጥበብ እንደ ዕውቀት ስለማይቆጠር ጥበቡ ያስደነቀ ሠራተኛ ጠይብ ወይም ቡዳ ተብሎ ይፈራ ነበር እንጂ ዐዋቂ ተብሎ አይከበርም ነበር።

ከውጭ የመጡ ሰዎችም በሌላ መንገድ ወደዚሁ ስሕተት ገብተዋል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰግቷል። ከእርሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ባዶ እግሩን የሚሄደውን የላስታን ገበሬ እየተመለከቱ፣ ይህን የሠራ ሌላ ሕዝብ መሆን አለበት ወደሚል ግምት አዘነበሉ። አለቱን ከላይ ወደ ታች እየቀረጹ መውረድ፣ የጣራውንና የግቢውን ተዳፋት ለዝናብ ውሃ ማሰናዳት ምን ያህል ስሌት እንደሚጠይቅ ለሙያ ጓደኞቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ግምቱ የተነሣው ግን ከድንጋዩ አልነበረም፤ ከገበሬው ሸማ ነበር።

ደላንታ ራሱ በዚህ ረገድ ልንማርበት የሚገባ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችና ያገራችን አንጥረኞች ባንድነት ያቀለጡትን፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ መሄድ ነበረባቸው። 1000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለውን የጅጣን ገደል ወርደው፣ ደላንታ ደጋ ላይ ወጥተው፣ እንደገና ወደ በሸሎ ወርደው መቅደላ የደረሱት ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸው በመጋቢት ነበር። ንጉሡ ተራ ልብስ ለብሰው፣ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ እንደ ነበር የዘመኑ የውጭ አገር ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሥራው የፈቃድ ሥራ አልነበረም፤ ብዙ ግፍና ብዙ ደም ያለበት ዘመን መሆኑም አይካድም። ሆኖም ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ጦር በዚያው መንገድ ወርዶ ወደ ደላንታ ሲወጣ፣ አብሮት የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም መንገዱን በአድናቆት ገልጾታል። ያን ተዳፋት የለካ፣ ጠመዝማዛውን የቀየሰ፣ መድፉን በገደል ላይ በገመድ ይዞ ያወረደ ሠራዊት አብዛኛው ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ሸማውን በወገቡ የታጠቀ ነበር። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ፣ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ብዙም ሳይቆይ በስማቸው የሚጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዋጁ የቀድሞውን ንቀት ለማስቀረት የታሰበ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን፣ ማንም ሳያስበው፣ አዲስ ንቀት የሚበቅልበትን መሬት አለሰለሰ። አዲሱ ትምህርት ከውጭ ቋንቋ ጋር መጣ፤ የውጭ ቋንቋ የተማረውም ኮትና ሱሪ ለበሰ፣ ጫማ ተጫማ፣ የመንግሥት ሥራ ያዘ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም.፣ የምህንድስና ኮሌጅም በ1945 ዓ.ም. ሲከፈቱ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ቀድሞ በየራሳቸው ይመዘኑ የነበሩት ማዕረግና ዕውቀት አሁን በአንድ ኮት ውስጥ ተሰፉ። ኮት የለበሰና እንግሊዝኛ የቀላቀለ ሰው ባለሥልጣንም፣ ዐዋቂም ሆኖ ይገመት ጀመር፤ ጋቢ የለበሰና በአገሩ ዘዬ የሚናገር ደግሞ ሁለቱንም አጣ። ባለ አገር የነበረው ሰው ስሙ መሰደቢያ ሆነ፤ ባንጻሩም የአዲስ አበባ የገበያ ሰፈር ስም የነበረው «አራዳ» የብልህነት ቃል ሆነ።

ይህ የእኛ ብቻ ሕመም አለመሆኑን አንድ ምርምር ያስረዳናል። ዋላስ ላምበርትና ባልደረቦቹ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች አንድን ጽሑፍ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ሲያነቡ ድምፃቸውን ቀድተው ለሞንትሪያል ተማሪዎች አሰሙ። አድማጮቹ ሁለቱ ድምፆች የአንድ ሰው መሆናቸውን አላወቁም። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ይበልጥ ብልህ ተብሎ ተገመተ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ፈረንሳይኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ተማሪዎች ራሳቸው በገዛ ቋንቋቸው ተናጋሪ ላይ እንዲሁ መፍረዳቸው ነው። የተናቀ ሰው ንቀቱን ተቀብሎ ራሱ ላይ ሲፈርድ ዝም ይላል። የነገሩ ዋና ጉዳት ይህ ዝምታ ይመስለኛል። ይህን የተማርሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ሥራዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወገል ጤና አካባቢ ለሚሠራ የገጠር መንገድ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎችን ቦታ እንድወስን ተልኬ ነበር። ወሩ ግንቦት ነበር፤ የደጋው ዋልካ መሬት በድርቀት ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባ ነበር። ካርታዬን ዘርግቼ፣ የውሃውን ዋና መውረጃ አይቼ ምልክት ሳደርግ፣ ጋቢ የለበሱ፣ የኮንጎ ጫማ የተጫሙ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ «ውሃው በክረምት በዚያ በኩል ነው የሚመጣ» አሉኝ። እኔም የሥራ ሄልሜቴን እንደ ደፋሁ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ስለ ጎርፍ መጠን ስሌት አብራራሁላቸው፤ መረጃ ካላቸውም ጠየቅኋቸው። ቀስ ብለው ለመመለስ ሲያስቡ፣ ጥያቄው አልገባቸውም ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርሁ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉና፣ የልጃቸው እኩያ የምሆነውን ሰው «አንቱ» ብለው፣ «እንግዲህ አንቱ ታውቃላችሁ» አሉኝ። እንደ መስማማት ቈጠርሁት።

በነሐሴ ውሃው አዛውንቱ ባመለከቱት በኩል መጣ። መንገዱን ቆርጦ፣ ከበታቹ ያለውን የገብስ ማሳ ሰንጥቆ ገደል አደረገው። ማሳው የእርሳቸው ነበር። በኋላ ነገሩን ስመረምረው ምክንያቱ በተማርሁት ትምህርት ውስጥ ያለ ሆኖ አገኘሁት። ዋልካ መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ይጠጣል፤ ጠግቦ ሲያብጥ ግን ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ወደ መሬት ሳይሰርግ በደጋው ላይ ተንጣልሎ ሌላ መውረጃ ይፈልጋል። እኔ በግንቦት ያየሁት መውረጃ የሰኔው እንጂ የነሐሴው አልነበረም። በክረምቱ ማብቂያ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ነገሩን ያስረዱኝ በአጭሩ ነው፤ «መሬቱ አፉን ከዘጋ በኋላ ውሃው መንገዱን ይለውጣል» አሉ። እኔ በሁለት ገጽ የጻፍሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩት። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልጠነከሩብኝም ብዬ ብጠይቃቸው፣ ኮቴን አይተው፣ «ለተማረ ሰው ምን ይነገራል?» አሉኝ።

ከዚሁ ደጋ ገደላ ገደል ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓል የተባለው ማዕድን መገኘቱ ሁላችንም የሰማነው ነው። በእሳተ ገሞራ በተፈጠረው፣ በመቶ በሚቈጠሩ ሜትሮች በሚለካ የአለት ክምር ውስጥ ማዕድኑን የያዘው አንድ ቀጭን ንጣፍ ነው። በፀሐይ መውጫና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ይህን ንጣፍ በገደሉ ፊት ከፍታውን ተከትለው እየፈለጉ፣ ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተው ይቈፍራሉ። አንድ የአለት ንጣፍ ከአንዱ ተረተር ወደ ሌላው እንደሚቀጥል መገመት፣ ግምቱንም በቁፋሮ መፈተን፣ በዩኒቨርሲቲ ስሙ ጂኦሎጂ ይባላል። በገደሉ ላይ ግን ስም የለውም፤ ስም ስለሌለውም ዕውቀት መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ስሌት ይቅር፣ ኮት ይውለቅ ለማለት አይደለም። አዛውንቱ የቱቦውን ስፋት ሊያሰሉ አይችሉም ነበር፤ እኔም ያለ እርሳቸው ቱቦውን የት እንደማኖር አላወቅሁም። የሁለታችን ዕውቀት እንዳይገናኝ ያደረገው በመካከላችን የነበረው ልብስና ቋንቋ ነው። ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼን በትሕትና የማሳስበው ነገር አለ። ወደ ሥራ ቦታ ስንሄድ፣ ሜትር ከመዘርጋታችን በፊት አረፍ ብለን እንጠይቅ፤ የምንጠይቀውም የአገሩ ሰው በሚያውቀው ቃል ይሁን፤ የተሰጠንን መልስ ከተናጋሪው ስም ጋር በመስክ መዝገባችን ላይ እናስፍር። «እናንተ ታውቃላችሁ» የሚል መልስ ስንሰማም ስምምነት ነው ብለን አንለፈው፤ ያልጠየቅነው ነገር መኖሩን የሚነግረን ምልክት ነውና።

ቱቦው በሁለተኛው ዓመት አዛውንቱ ባመለከቱት ቦታ ተሠራ። ማሳው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ምልክቱን ሳደርግ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ጋቢያቸውንም ከትከሻቸው አላወረዱም። «አዎ ልጄ፣ አንድ ክንድ ወደዚህ ሳበው» አሉኝ። ሳብሁት።